ምርታችን 117 ከመቶ ወጣ፤ ዲፓርትመንት ልቀይር?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር አድቫንስድ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከነላቡ እየወሰድኩ ነው። ሚድ ላይ ከ30 ያመጣሁት 11 ነው። ሰንፌ አይደለም፤ ከሲኒየሮች ያገኘሁትን ሀንድአውት ከዳር እስከ ዳር ሸምድጄ፣ ከመቶ በላይ ሪአክሽን በቃሌ ይዤ ነው የገባሁት። አንዱ ጥያቄ «2-ሜታይልሳይክሎሄክሳኖን ከዜሮ በታች በ78 ዲግሪ ከኤልዲኤ ጋር ተቀላቅሎ ከዚያ ሜታይል አዮዳይድ ቢጨመርበት ምን ይሰጣል?» የሚል ነበር። 2,2-ዳይሜታይልሳይክሎሄክሳኖን ብዬ ጻፍኩ፤ ዜሮ ተሰጠኝ።

ላቡ ደግሞ ባሰ። በግሪኛርድ ሪአክሽን (በማግኒዥየም አማካይነት ካርቦንን ከካርቦን በሚያያይዘው) ትራይፌኒልሜታኖል ሥሩ ተባልን፤ 0.5 ግራም ማግኒዥየም፣ 2.1 ሚሊ ሊትር ብሮሞቤንዚን፣ 3.3 ግራም ቤንዞፌኖን። ማግኒዥየሙ አልነሳ ሲለን አዮዲን ጣል አደረግንበት፤ ቀለሙ ጠፋ። ብልቃጡን በእጃችን ስናሞቀው ፈላ። ተጀመረ ብለን የቀረውን ብሮሞቤንዚን በሙሉ ለቀቅንበት። አሥር ደቂቃ ያህል ዝም ካለ በኋላ በድንገት ገንፍሎ በኮንደንሰሩ አናት ወጣ። ኢተሩ ተንኖ ስላለቀ ቴክኒሻኑ ሁለት ጊዜ ጨመረልን። መጨረሻ ላይ ያገኘነው ዱቄት 5.5 ግራም ሆነ፤ ስናሰላው 117 ከመቶ! የመቅለጫ ነጥቡም ከ128 እስከ 149። የላብ አጋሬ «እንዲህ ብለን ብንጽፍ መሳቂያ ነው የምንሆነው፤ ሲኒየሮቹ 85 ነው የጻፉት፣ እኛም 85 እንበልና እንገላገል» ይላል። ዱቄቱ አሁንም ስማችን ተለጥፎበት ላብ ውስጥ አለ። ሪፖርቱ የሚገባው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው፤ ውጤቱ የሁለታችን ስለሆነ እምቢ ማለቱም ከበደኝ።

የሚያስተምረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በየወሩ ከደመወዙ ቀንሶ ይልክልኛል። በደወለ ቁጥር «ሁሉ ደህና ነው ጋሼ» እለዋለሁ። ውስጤ ግን ለኬሚስትሪ አልተፈጠርሽም ይለኛል። ጓደኞቼ ማኔጅመንት ግቢ ይሉኛል። ሁለት ዓመት ተኩል እንዲሁ ይጣላል? የአዮዲኑ ቀለም ሲጠፋ ግን፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ምን ላድርግ?

ኢተሯ ተንኖ ያለቀባት

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ውስጥ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ 11፣ 117 እና 85። በሁለቱ አፍረሽባቸዋል፤ ሦስተኛው ከጭንቅ ሊያወጣሽ የመጣ ይመስላል። ለእኔ ግን ከሦስቱ ምንም የማይነግረኝ 85 ብቻ ነው። 11ም 117ም የራስሽ ናቸው፤ ነገሩ የት ላይ እንደተበላሸ ቁልጭ አድርገው ይናገራሉ። ስለ ዲፓርትመንቱ ከማውራታችን በፊት እስቲ አብረን እናንብባቸው።

ዓርብ የሚደርሰው 117 ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። 3.3 ግራም ቤንዞፌኖን 18.1 ሚሊሞል ነው። አንድም ሳይቀር ወደ ትራይፌኒልሜታኖል ቢቀየር፣ በሞላር ክብደቱ 260.3 ሲባዛ፣ ቢበዛ 4.71 ግራም ይገኛል። እናንተ 5.5 መዘናችሁ። ትርፉ 0.8 ግራም ከሰማይ አልወረደም፤ ሚዛኑ ላይ የነበረው ሁሉ ምርታችሁ አልነበረም ማለት ነው። የመቅለጫ ነጥቡም ይህንኑ ይመሰክራል። ንጹሑ ከ160 እስከ 163 ባለች ጠባብ ክልል ይቀልጣል፤ የእናንተው ከ128 ጀምሮ 21 ዲግሪ ሙሉ ተንዘላዘለ። ዝቅ ማለቱም መስፋቱም የቅይጥ ምልክት ነው። ቅይጡ ውስጥ እነማን እንዳሉ መገመት አይከብድም፦ ያልደረቀ ኢተርና ውሃ፣ ያልተነካ ቤንዞፌኖን፣ ምናልባትም በብዛት ባይፌኒል (ሁለት ፌኒሎች ተጣምረው የሚፈጥሩት ተረፈ ምርት)። ስትመዝኑት ኢተር ኢተር ይሸት ነበር? ከማጣሪያው ላይ ካነሳችሁት በኋላ ስንት ደቂቃ ቆይታችሁ መዘናችሁት? የሁለቱን መልስ ካወቅሽ ከትርፉ ውስጥ ገሚሱን ያወቅሽ ይመስለኛል።

ባይፌኒሉ ከየት መጣ ለሚለው ወደ ብልቃጡ እንመለስ። «ተጀመረ» ያላችሁት ሁለት ምስክሮች አምናችሁ ነው፦ የአዮዲኑ ቀለም መጥፋትና የኢተሩ መፍላት። ሁለቱም በሐሰት መሰከሩ። አዮዲን ራሱ ከማግኒዥየም ጋር ተዋሕዶ የብረቱን ገጽ ያጸዳል፤ ቀለሙ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ብሮሞቤንዚኑ ያኔ ገና ከእንቅልፉ ላይነቃ ይችላል። መፍላቱ ደግሞ የከተማችን ጉዳይ ነው። መጽሐፉ ኢተር በ34.6 ዲግሪ ይፈላል የሚለው በባሕር ወለል ላይ ሲሆን ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በተቀመጠችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል በ26 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የመዳፍሽ ሙቀት ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ በእጅ የታቀፈ ኢተር፣ ሪአክሽን ኖረም አልኖረም፣ መፍላቱ አይቀርም።

መለያው ቀላል ነው፦ እጅሽን አንሺና ሁለት ደቂቃ ጠብቂ። አረፋው ከማግኒዥየሙ ገጽ ላይ እየተነሳ ከቀጠለ፣ ፈሳሹም ደፍረስ ብሎ ወደ ግራጫና ቡናማ ካደላ፣ እውነትም ተጀምሯል። እጅሽን ስታነሺ ጸጥ ካለ ግን ያፈላው መዳፍሽ ነበር። እናንተ በዚህ ጊዜ ብሮሞቤንዚኑን በሙሉ ስለለቀቃችሁበት ብልቃጡ ውስጥ ተጠራቅሞ ቆየ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ማግኒዥየሙ ሲነቃ የሁሉም ሙቀት ባንድ ጊዜ ወጣ፤ ገነፈለ። ከዚያም ወዲህ አዲስ የተፈጠረው ፌኒል ማግኒዥየም ብሮማይድ (ግሪኛርዱ ማለት ነው) ዙሪያውን ሁሉ ያልተነካ ብሮሞቤንዚን ከቦት ስላገኘው ቤንዞፌኖኑ ሳይመጣ ከእሱ ጋር ተጋባ፤ ባይፌኒል ሆነ። ኢተሩ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም ነገር ይበልጥ ወፈረ፤ ይህም ባይፌኒሉን ያበዛል። (የኢተር ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጠረጴዛውን ተከትሎ ራቅ ወዳለ እሳትና የጋለ ምድጃ ይሄዳል። በኮንደንሰሩ አናት የወጣው ነገር የነጥብ ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ልብ በይልኝ።)

አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ ቴክኒሻኑ ሁለት ጊዜ የጨመረላችሁ ኢተር ከየትኛው ጠርሙስ ነበር? ማግኒዥየም ላይ ለማፍሰስ ከተዘጋጀው ደረቅ ኢተር ነው ወይስ ለሴፓራቶሪ ፈነል ከሚቀመጠው ተራው? ከውሃ ጋር ሲንካካ የኖረ ኢተር ከመቶ አንድ እጅ የሚሆን ውሃ ሊይዝ ይችላል። ይህ ትንሽ ይመስላል። አስልተሽ እይው፦ ሁለት ጠብታ ውሃ፣ 0.1 ሚሊ ሊትር ያህል፣ 5.6 ሚሊሞል ነው። ከ2.1 ሚሊ ሊትር ብሮሞቤንዚን ልታገኙት የምትችሉት ግሪኛርድ በጠቅላላው 20 ሚሊሞል ነው። ሁለት ጠብታ ከሩብ በላይ የሚሆነውን ገድሎ ወደ ቤንዚን (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን C6H6) ይለውጥባችኋል። ብርጭቆው ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ባለ ኦቨን ውስጥ ይደር የሚባለው ለዚህ ነው፤ ትኩስ እያለ ተገጣጥሞ፣ አናቱ ላይ የካልሲየም ክሎራይድ ቱቦ ተተክሎ እንዲቀዘቅዝ። በክረምት ደግሞ ከኦቨን ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሩብ ሰዓት የተቀመጠ ብርጭቆ «ደርቋል» ሊባል አይገባውም።

ላቡን እንድትደግሙ ከተፈቀደላችሁ እንዲህ አድርጉት። ማግኒዥየሙን በደረቅ የብርጭቆ ዘንግ ጨፍልቁት፤ አዲስ ገጽ ይከፈትለታል። 2.1 ሚሊ ሊትሩን ብሮሞቤንዚን ከ10 ሚሊ ሊትር ያህል ደረቅ ኢተር ጋር በማንጠባጠቢያው ፈነል አዘጋጁና መጀመሪያ 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ልቀቁ። አዮዲን ካስፈለገ አንዲት ቅንጣት ይበቃል። የሁለቱ ደቂቃ ፈተና እስኪያልፍ አንዲት ጠብታ አትጨምሩ። ከዚያ የቀረውን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ወስዳችሁ፣ ኢተሩ ለስለስ ብሎ እየፈላ እንዲቆይ ብቻ አንጠባጥቡ። የበረዶ ውሃ ያለበት ሳህን አጠገባችሁ ይኑር። ኮንደንሰሩ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ከ26 ዲግሪ ብዙም የማይርቅ ከሆነ ትነቱን መመለስ ያቅተዋል፤ ለብ ካለባችሁ በረዶ የገባበት ውሃ እንዲዞርላችሁ ጠይቁ።

እስከዚያው ግን ላብ ውስጥ የተቀመጠው ዱቄት ብዙ ሥራ አለው። ነገ ጠዋት ሄደሽ በሰዓት መስታወት ላይ ዘርጊውና ጭስ መሳቢያው ሥር አቆይው። በየ20 ደቂቃው መዝኚ፤ ሁለት ተከታታይ ሚዛኖች ከ0.01 ግራም በላይ እስካልተለያዩ ድረስ። ያ የመጀመሪያው እውነተኛ ክብደትሽ ነው። ከዚያ 15 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ሄክሴን ወይም ፔትሮሊየም ኢተር ጨምረሽ ጉብታዎቹን በዘንግ እየፈጨሽ አማስይው። ባይፌኒል ይሟሟል፤ ትራይፌኒልሜታኖል በአብዛኛው ዱቄት ሆኖ ይቀራል። በቫኪውም አጣሪና በ5 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ሄክሴን እጠቢው። ያጣራሽውን ፈሳሽ እንዳትደፊው! ሄክሴኑ ሲተንን የሚቀረው ነገር በ70 ዲግሪ አካባቢ ከቀለጠ ባይፌኒሉን ጨበጥሽው፤ መዝኚውም። ብሮሞቤንዚንሽ የት እንደገባ በግራም ማስረዳት ትችያለሽ ማለት ነው።

ማጣሪያው ላይ የቀረውን በትንሹ ሙቅ አይሶፕሮፓኖል አሟሟተሽ ክሪስታል አስወጪ። አይሶፕሮፓኖል እዚህ የሚፈላው በመጽሐፉ 82 ሳይሆን በ75 ዲግሪ ገደማ ነው፤ «ሙቀቱ አልደረሰም» ብለሽ ፈሳሽ እየጨመርሽ እንዳትሄጂ፤ ብዙ ካፈሰስሽበት ክሪስታሉ ሟሙቶ ይቀርብሻል። ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፤ በረዶው በመጨረሻ ነው። መቅለጫ ነጥብ ግን በከፍታ የሚለወጥ ነገር አይደለምና 160 ካልደረሰ ጥፋቱ የአዲስ አበባ አይደለም። ቲኤልሲ (ቅይጥን በስስ ንጣፍ ላይ የሚለይ ፈተና) ካላችሁ በ9 ለ1 ሄክሴንና ኢታይል አሲቴት አስኪጂው፤ ባይፌኒል ከላይ፣ ቤንዞፌኖን መሐል፣ ምርትሽ ከታች ይታያል። አይአር (የኢንፍራሬድ መለኪያ) ከተገኘም 1660 አካባቢ ያለው የካርቦኒል መስመር ከጠፋና ከ3400 በላይ የኦኤች መስመር ከታየ ቤንዞፌኖኑ ለቋል።

በዚህ ሁሉ መጨረሻ ለምሳሌ 2.4 ግራም ቢቀርሽ 51 ከመቶ ነው። ከ85 ያንሳል። ግን ሪፖርትሽ ላይ «ያልጸዳው 5.5 ግራም፣ 117 ከመቶ፤ ከደረቀና ከጸዳ በኋላ 2.4 ግራም፣ 51 ከመቶ፤ ከማጣሪያው ፈሳሽ ይህን ያህል ባይፌኒል ተገኘ፤ ምክንያቱም ብሮሞቤንዚኑ ሪአክሽኑ ሳይጀመር በአንድ ጊዜ ስለተጨመረ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ፣ የሚያርመው ሰው ብዕሩን አስቀምጦ የሚያነበው ገጽ ያ ነው።

ስለ 85ቱ ብዙ አልናገርም፤ አንቺም ስላላማረሽ ነው የጻፍሽልኝ። አንድ ተግባራዊ ነገር ብቻ ልበል፤ 85 ብቻውን አይጻፍም። 85 ካላችሁ ክብደቱ 4.0 ግራም ነው ማለት አለባችሁ። 4.0 ንጹሕ ግራም ከ128 እስከ 149 ሊቀልጥ አይችልምና መቅለጫውም ይቀየራል። ናሙናውን አምጡ የተባላችሁ ዕለት ደግሞ ብልቃጡ ራሱ ይናገራል። አጋርሽ ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ እንዳንቺው ማፈሩ ነው። ስለዚህ በሥነ ምግባር አትግጠሚው። እንዲህ በይው፦ «117 የሆነበትን ምክንያት አግኝቼዋለሁ። ነገ ሁለት ሰዓት ብትሰጠኝ አድርቀን አጽድተን እውነተኛውን ቁጥር እናገኛለን፤ ዲስከሽኑን እኔ እጽፋለሁ።» ሥራውን ቀንሰሽ ካቀረብሽለት ብዙውን ጊዜ ሰው እሺ ይላል። ካልተስማማ ደግሞ ለላብ አሲስታንቱ «የዳታ ወረቀታችን አንድ ነው፤ ትንተናውን ግን ለየብቻ ማስገባት እንችላለን?» ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ጓደኛሽን ሳትከሺ።

አሁን ወደ 11። ዜሮ የተሰጠሽበት መልስ ባዶ መልስ እንዳልሆነ ታውቂ ይሆን? 2,2-ዳይሜታይልሳይክሎሄክሳኖን ለሌላ ጥያቄ ዋናው መልስ ነው። ቀለበቱን ሳዪው። ከካርቦኒሉ በአንድ ወገን ያለው ሁለተኛው ካርቦን ሜታይል ተሸክሞ አንድ ሃይድሮጅን ብቻ አለው፤ በሌላው ወገን ያለው ስድስተኛው ካርቦን ሁለት ሃይድሮጅን አለው፣ ዙሪያውም ክፍት ነው። ኤልዲኤ ሁለት አይሶፕሮፒል ያዘለ ግዙፍ ቤዝ (ሃይድሮጅን ነጣቂ) ስለሆነ በቀላሉ የሚደርስበትን፣ የስድስተኛውን ሃይድሮጅን ይነጥቃል። የኬቶኑ ፒኬኤ (ሃይድሮጅኑን ምን ያህል አጥብቆ እንደያዘ የሚናገር ቁጥር፤ ከፍ ካለ አጥብቆ ይዟል) 20 ገደማ ነው፣ ኤልዲኤ ሃይድሮጅኑን ወስዶ የሚሆነው የዳይአይሶፕሮፒላሚን ደግሞ 36 ገደማ። በመካከላቸው 16 ደረጃ ስላለ የተነጠቀው አይመለስም፤ ከዜሮ በታች በ78 ዲግሪ ደግሞ ሐሳቡን የሚቀይርበት ጉልበት የለውም። ሜታይሉ ስድስተኛው ላይ ይገባና 2,6-ዳይሜታይል ይሆናል። ቤዙ እንደ ፖታሲየም ተርት-ቡቶክሳይድ ደከም ያለ ቢሆን፣ ሙቀቱም የክፍል ሙቀት ቢሆን ኖሮ ግን ሃይድሮጅኑ ሲሄድ ሲመጣ ቆይቶ ድርብ ትስስሩ ብዙ ካርቦን ወደታቀፈበት ወገን ያደላ ነበር። ያኔ በብዛት የሚወጣው የአንቺ መልስ ነው። ሸምድደሽ የያዝሽው ሪአክሽን ትክክል ነበር። የጥያቄው ነፍስ ግን ቀስቱ ላይ የተጻፉት ቤዙና ሙቀቱ ነበሩ፤ ሀንድአውቱ ላይ እነሱን ዘልለሻቸዋል ብዬ እጠረጥራለሁ። ትክክል ነኝ?

መቶ ሪአክሽን በቃልሽ ከያዝሽ አሥር ቁጥር አያቅትሽም። እነዚህን የፒኬኤ ግምቶች አልጋሽ ራስጌ ለጥፊያቸው፦ ካርቦክሲሊክ አሲድ 5፣ ፌኖል 10፣ አሴቶአሴቲክ ኤስተር 11፣ ማሎኔት 13፣ ውሃ 15.7፣ ኢታኖል 16፣ የኬቶን ጎን ሃይድሮጅን 20፣ ጫፍ ላይ ያለ አልካይን 25፣ ዳይአይሶፕሮፒላሚን 36፣ ቤንዚን 43። ቤንዚንንና ውሃን አስተያዪ፤ 27 ደረጃ ይራራቃሉ። ያቺ ጠብታ ውሃ ግሪኛርዳችሁን ያለ ምሕረት የገደለችው ለዚህ ነው። ሚዱ ላይ የወደቅሽበትና ላቡ ላይ የገነፈለብሽ ነገር አንድ ሠንጠረዥ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሁለት ኮርስ ውድቀት አድርገሽ አትቁጠሪው።

የማጥኛ መንገድሽን በተመለከተ ከሽምደዳው ሰዓት ገሚሱን ለባዶ ወረቀት ስጪው። ሌክቸር በዋለበት ምሽት ደብተሩን ዘግተሽ አንድ ሜካኒዝም (ሪአክሽኑ ደረጃ በደረጃ የሚሄድበትን መንገድ) ብቻ ከመነሻ እስከ መድረሻ ሳዪ። ኤሌክትሮን የሚሰጠው ማነው፣ የሚቀበለው ማነው፣ እንዳይደርሱ የሚከለክላቸው ምን አለ? የኤሌክትሮኑ ቀስት ሁልጊዜ የሚነሳው ከነጻ የኤሌክትሮን ጥንድ ወይም ከትስስር ነው፤ ከፕሮቶን ከጀመርሽው ተገልብጧል። አምስት እጅ ያበቀለ ካርቦን ካገኘሽ ቁሚ። ቤዝ በሞላበት ብልቃጥ ውስጥ ሃይድሮኒየም ከሳልሽም ቁሚ። ከዚያ ደብተሩን ክፈቺና በቀይ እስክሪብቶ አርሚ፤ ያንኑ ሜካኒዝም ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላም ድገሚው። ሲለምድልሽ ከቀስቱ በላይ የተጻፈ አንድ ነገር ለውጪና «አሁንስ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ሙቀቱን፣ ቤዙን፣ ሶልቨንቱን። የሦስት ሰው የጥናት ቡድን ነጭ ሰሌዳ ካገኘ ይህ ጨዋታ ነው የሚሆነው።

ስቴሪዮኬሚስትሪ (የሞለኪውሎች የሦስት አቅጣጫ ቅርጽ) ላይ ከሆነ የምትወድቂው የሞዴል ሳጥን እስኪገዛ አትጠብቂ። ድንችና ስቴኪኒ ይበቃል። የሳይክሎሄክሴንን ወንበር አንድ ጊዜ በእጅሽ ሠርተሽ ብትገለብጪው ቀጥ ብለው የቆሙት ወደ ጎን ሲተኙ ታዪያለሽ፤ በስላይድ አሥር ጊዜ ከማየት ይሻላል።

ለላብ ደግሞ ከመግባትሽ በፊት በነበረው ምሽት እያንዳንዱ እርምጃ ላይ «ምርቴ አሁን የት ነው?» የሚል አንድ መስመር ጻፊ። በሴፓራቶሪ ፈነል ውስጥ ኢተር ከላይ፣ ውሃ ከታች ነው፤ ምርቱ ተመዝኖ ደብተር ላይ እስኪሰፍር ድረስ የትኛውንም ንብርብር አትድፊ።

ይህን ሳምንት ሁለት ቢሮዎች ሂጂ። አንደኛው የመምህሩ፤ «ነጥብ ልለምን አይደለም፣ የፈተና ወረቀቴን ማየት ፈልጌ ነው» በይ። የጠፉትን 19 ነጥቦች በሦስት ክፈያቸው፦ ሪኤጀንቱን ስለማላውቅ፣ ሪኤጀንቱን እያወቅሁ ሜካኒዝሙ ስለጠፋኝ፣ አቅጣጫውን ወይም ቦታውን ስለሳትኩ። በብዛት ሁለተኛውና ሦስተኛው ከሆኑ፣ ኤልዲኤው እንደሚጠቁመው፣ የጎደለሽ ጭንቅላት ሳይሆን የአጠናን መንገድ ነው፤ እሱ ደግሞ በሳምንታት ይስተካከላል። ሁለተኛው ቢሮ ሬጅስትራር ነው፤ ኮርስ ለመተው የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ፣ ወደ ሌላ ዲፓርትመንት ብትዛወሪ ከወሰድሽው ውስጥ ምን ምን እንደሚቆጠርልሽ በጽሑፍ ይዘሽ ውጪ። ሚዱ ከመቶው 30 ከሆነ 70 ገና አልተነካም። እስከዚያ ቀን ድረስ በባዶ ወረቀት አጥኚ። ከዚያ በኋላም ሌክቸሩ እንደ ሸክም ከሆነብሽ፣ ማለቴ ውጤቱ ሳይሆን ጉዳዩ ራሱ ካስጠላሽ፣ ማኔጅመንት መግባት ሽንፈት አይደለም። ብቻ ከ11 ሸሽተሽ አትግቢ። (በነገራችን ላይ ሪአክሽኑ በስሙ የሚጠራው ግሪኛርድ መጀመሪያ የሒሳብ ተማሪ ነበር፤ የሊሳንስ ፈተናውንም በመጀመሪያ ሙከራው ወድቋል። ኬሚስትሪን ከሒሳብ በታች አድርጎ ያይ ነበር ይባላል። በ1912 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚችው ዛሬ በገነፈለችብሽ ሪአክሽን ነው። ማጽናኛ ብለሽ አትውሰጂው፤ ጨዋታ ነው።)

ወንድምሽን በተመለከተ፣ የምትፈሪው ምኑን ነው? ገንዘቡን እንዳያቋርጥ ነው ወይስ ድምፁ ሲቀየር መስማቱን? የመጀመሪያው ከሆነ ከሬጅስትራር በኋላ በቀን ቆጥረሽ መነጋገር አለባችሁ። ሁለተኛው ከሆነ ግን «ሁሉ ደህና ነው» በተባለ ቁጥር የሚከብደው አንቺው ላይ ነው። የፈተና ወረቀትሽን ካየሽ በኋላ ደውዪለት፤ «ጋሼ፣ አንዱ ኮርስ ከበደኝ፣ ሚድ 11 አመጣሁ፣ ምክንያቱንም ለይቼዋለሁ፣ እስከዚህ ቀን ይህንን እያደረግሁ ነው» በይው። ከደመወዙ የሚቀንስ ሰው ነጥቡን ብቻ ሳይሆን የምታደርጊውንም መስማት የሚፈልግ ይመስለኛል።

የአዮዲኑ ቀለም ሲጠፋ ለምን ደስ እንዳለሽ አላውቅም ብለሻል። እኔም አልመልስልሽም። ግን ዲፓርትመንት ከመቀየርሽ በፊት እሱን ነገር አንድ ጊዜ ደግመሽ እዪው፤ በዚህኛው ዙር ቀለሙ ሲጠፋ እጅሽን ከብልቃጡ ላይ አንሺ፣ ሁለት ደቂቃ ቁጠሪ፣ ከማግኒዥየሙ ላይ አረፋው ራሱ ሲነሳ ተመልከቺ። የጸዳው ዱቄትሽ በስንት ዲግሪ እንደቀለጠም ጻፊልኝ።